ምዕራፍ ስድስት፦ ለጓደኛ ማሳየት

ሐቀኝነትን ስለ ማስተማር ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መምህሩ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የእውነተኝነትን ጥቅምና የማጭበርበርን ጉዳት ሲዘረዝር፣ ተማሪዎችም በደብተራቸው ሲገለብጡ ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ትምህርት ተማሪው ስለ ሐቀኝነት የሚናገረውን እንጂ በፈተና ሰዓት የሚያደርገውን እምብዛም እንደማይለውጥ በጥናት ከታወቀ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ኩረጃ፣ ማለትም የራስ ያልሆነን ሥራ የራስ አስመስሎ ለምዘና ማቅረብ፣ ክልክል መሆኑን የማያውቅ ተማሪ በየትኛውም አገር ቢፈለግ አይገኝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተማሪው ክልክሉን በሚያውቅበት በዚያው ቅጽበት ዕውቀቱን የሚያሸንፍበት ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በስፋት ከመረመሩት ሥራዎች ቀዳሚው ሂው ሃርትስሆርንና ማርክ ሜይ የተባሉ ምሁራን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የመሩትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 በሦስት ቅጽ የታተመው የጠባይ ትምህርት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ10,000 የሚበልጡ ልጆችን ስለ ሐቀኝነት ምን እንደሚያስቡ በመጠየቅ ሳይወሰኑ፣ የማጭበርበር ዕድል ሰጥተው የሚያደርጉትን ተመለከቱ። በአንደኛው ዘዴ ልጆቹ ፈተና ይወስዳሉ፤ ወረቀታቸው ተሰብስቦ መልሶቻቸው በድብቅ ይመዘገባሉ፤ ከዚያም ያው ወረቀት ከትክክለኛው መልስ ጋር ይመለስላቸውና ራሳቸው እንዲያርሙት ይደረጋል፤ ማን ምን እንደ ቀየረ ለማወቅ ሁለቱን ማመሳከር ብቻ በቂ ነበር። በሌላው ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው በወረቀት ላይ በተበተኑ ትንንሽ ክቦች ውስጥ ምልክት እንዲያደርጉ ይታዘዛሉ፤ ዓይኑን በእርግጥ የጨፈነ ልጅ ሊያገኝ የሚችለው ውጤት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ክቦቹን ሁሉ አነጣጥሮ የመታ ልጅ ራሱን በራሱ ያጋልጣል።

ውጤቱ የጊዜውን አስተማሪዎች ያስደነገጠ ነበር። በአንዱ ፈተና ሐቀኛ ሆኖ የተገኘው ልጅ በሌላው ያጭበረብራል፤ ስለ መልካምና ክፉ አጥርቶ መናገር የሚችለው ልጅ በተግባር ከሌላው ብዙም አይለይም፤ የግብረ ገብ ትምህርት መከታተልም ያመጣው ልዩነት ጥቂት ነበር። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መረጃውን ዳግም ሲመረምሩት ከሁኔታ ወደ ሁኔታ የሚዘልቅ መጠነኛ የጠባይ ልዩነት በልጆቹ መካከል እንዳለ ስላሳዩ፣ «ሐቀኛ ልጅ የሚባል የለም» ወደሚል ድምዳሜ መሄድ ስሕተት ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት ውስጥ ብዙም ሳይወራለት የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአንድ ክፍል ልጆች እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸው ነው። ሐቀኝነትና ማጭበርበር ልጆቹ በተቀመጡበት ክፍል ተሰባስበው ተገኙ።

ሰበብ የሚሆነው በጎነት

ሰው የሚያምንበትን ሕግ እንዴት ሊጥሰው እንደሚችል ለማብራራት ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ የተባሉ አሜሪካውያን የሶሲዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረቡት ትንታኔ ለዚህ ምዕራፍ ዋና መሣሪያ ነው። እነርሱ ይጽፉ የነበረው ስለ ወጣት ጥፋተኞች ቢሆንም፣ ሐሳቡ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ኩረጃ ጥናት ገብቷል። እንደ ትንታኔው ጥፋተኛው ሕጉን አይክድም፤ ሕጉ ለጊዜው እርሱን እንዳይመለከተው የሚያደርግ ሰበብ ያዘጋጃል እንጂ። «መምህሩ ሳያስተምረን ነው የፈተነን» ሲል ኃላፊነቱን ከራሱ ያወርዳል፤ «ማን ተጎዳ?» ሲል ጉዳቱን ይክዳል፤ «እነርሱስ መቼ ንጹሕ ሆኑና» ሲል ወቃሾቹን መልሶ ይወቅሳል። ከሁሉም የሚጠነክረው ግን ከሕጉ በላይ ለሆነ ታማኝነት የተገዛ አስመስሎ ራሱን የሚያቀርብበት ሰበብ ነው፤ «ጓደኛዬን ጥዬው ልውጣ እንዴ?»

የኢትዮጵያን የመማሪያ ክፍል ለሚያውቅ ሰው ይህ የመጨረሻው ሰበብ ከሁሉም ይልቅ የሚሰማ ድምፅ ነው። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሦስት ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ፤ መጽሐፉ አንድ ከሆነ መካከል ላይ ተዘርግቶ ለሦስት ይነበባል፤ ማስመሪያውና ላጲሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የቀረ ልጅ ደብተር ተውሶ ይገለብጣል፤ ያልገባውን የገባው ያስረዳዋል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ መልክ ያለውን ማካፈል እንደ ደግነት ተቆጥሮለት የኖረው ልጅ፣ የፈተናው ዕለት ወረቀቱን በክንዱ ከልሎ እንዲጽፍ ይታዘዛል። ከጎኑ «ተራ ቁጥር ዐሥራ አራትን» ብሎ የሚያንሾካሹከው ደግሞ ትናንት መጽሐፉን የሰጠው ልጅ ነው። ወረቀቱን ቢከልል በማግስቱ ስስታም ወይም ምቀኛ የሚል ስም ይወጣለታል፤ ቢያሳይ የሚደርስበት ነገር እምብዛም የለም። አጤሬራ ጽፎ በእጅጌው ሸሽጎ የሚገባው ተማሪ ቢያንስ ጥፋት እየሠራ መሆኑን ያውቃል፤ የሚያስኮርጀው ጎበዝ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ውለታ እየዋለ ያለ ይመስለዋል፤ ክፍሉም እንደዚያው ያስብለታል።

በዚህ ምክንያት ለጓደኛ ማሳየትን ከስርቆት ጋር ብቻ አስተካክሎ የሚያወግዝ መምህር ንግግሩ ከጆሮ አያልፍም። ተማሪው የያዘው ነገር፣ ማለትም ወዳጅነት፣ ይሉኝታና ማካፈል፣ በራሱ በጎ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ይህን በጎነት የሚያንቋሽሽ ትምህርት ሕይወትን የማያውቅ ሰው ንግግር ሆኖ ይታየዋል። የተሻለው መንገድ በጎነቱን ተቀብሎ የቀረውን ሰው ማሳየት ነው። የፈተና ውጤት ምስክርነት ነው፤ መምህሩ ተማሪውን ለማያውቅ ሦስተኛ ወገን «ይህን ያህል ያውቃል» ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። ያ ሦስተኛ ወገን አንዳንዴ ወደፊት የሚታከም በሽተኛ፣ አንዳንዴም በሌላ ወረዳ ሻማ አብርቶ ያጠናና በአንድ ነጥብ ተበልጦ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ያጣ ልጅ ነው። ዴስክ የሚጋራው ጓደኛ ፊቱ ይታያል፤ ቦታ ያጣው ልጅ አይታይም፤ የሥነ ምግባር ትምህርት ዋና ሥራም የማይታየውን ሰው ወደ ክፍሉ ማስገባት ነው።

ትምህርቱ በዚህ ረገድ ያሳለፈው ታሪክ ብዙ የሚያኮራ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ቦታውን ያዘ፤ ከዚያም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ። የዚህ የመጨረሻው መጻሕፍት በዐሥራ አንድ እሴቶች ዙሪያ የተዋቀሩ ሲሆኑ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባና የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው ምዕራፍ ነበራቸው፤ ሐቀኝነት ግን በእነርሱ ሥር ተሸጉጦ ይነሣል እንጂ በስሙ የተሰየመ ምዕራፍ አልነበረውም። ትምህርቱም የሚመዘነው በምርጫ ጥያቄ ነበር፤ የሥነ ምግባርን ጥያቄ መልስ ከጎረቤት መኮረጅ ይቻል ነበር ማለት ነው። ይህን ማንሣት ለቀልድ አይደለም፤ ስለ በጎነት ማወቅና በጎ መሆን በምን ያህል ርቀት እንደሚለያዩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ቁጥጥር የሚችለውና የማይችለው

በአገር አቀፍ ፈተናዎች ላይ የደረሰው ነገር ይህንኑ በትልቅ መጠን ያሳያል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥተው ፈተናው ተሰረዘ፤ ከወር በኋላም በድጋሚ ተሰጠ። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. ፈተናው በሚሰጥበት ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለጥቂት መቶ ሺህ ተፈታኞች ሲባል የአገሩ ንግድና ባንክ ሁሉ ከመስመር ወጣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ በዶርም አድረው፣ ስልክ ሳይዙና በማያውቋቸው ፈታኞች ፊት ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዙር አኃዙ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች «የቀሩት ሁሉ ኮራጆች ነበሩ» ብሎ ማንበብ ግፍ ነው፤ አብዛኞቹ በኮሮና ወረርሽኝና በጦርነት ዓመታት ትምህርታቸው የተቆራረጠ፣ መጽሐፍና በቂ መምህር ያላገኙ ልጆች ናቸው። ቁጥሮቹ የሚሉት ሌላ ነገር ነው፤ ኩረጃ ለዓመታት ሲሸፍን የኖረው የተማሪውን ስንፍና ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ባዶነትም ነበር። የፊዚክስ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በፊዚክስ ካሳለፈ፣ ወላጅም ወረዳም ሚኒስቴርም መምህር እንደሌለ አያውቁም፤ የተጎዳውን ክፍል እንዳይታይ የሸፈነው ያው ለተጎዱት ልጆች ታዝኖ የተደረገው ማስኮረጅ ነው። «ማን ተጎዳ?» ለሚለው ሰበብ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ ለተማሪዎችም በዚሁ መልክ ሊነገራቸው ይገባል።

ጥብቅ ቁጥጥር ይህን ገለጠ፤ መግለጡም ውለታ ነው። ሐቀኝነትን ግን አላስተማረም፤ ሊያስተምርም አይችልም፤ በፖሊስና በፍተሻ መካከል ያልኮረጀ ተማሪ ያልኮረጀው ስላልቻለ ይሁን ስላልፈለገ ራሱም ላያውቀው ይችላልና። ከዚህም በላይ ቁጥጥሩ ያነጣጠረው በተማሪው ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ መልስ የሚያቀብለው አዋቂ ነው። በአሜሪካ የአትላንታ ከተማ የሆነው ይህ ነው፤ የፈተና ውጤት ትምህርት ቤቶች የሚሸለሙበትና የሚቀጡበት ዋና መለኪያ በሆነበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ የመንግሥት ምርመራ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች በማጭበርበር መሳተፋቸውን አስታወቀ፤ ከመካከላቸው የተማሪዎችን የመልስ ወረቀት በላጲስ እያጠፉ ያረሙ መምህራን ነበሩ፤ በ2015ም 11 ሰዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የኢትዮጵያ ተማሪ እስከ አትላንታ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» በተባለበት ቤት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባልም ይሰማል፤ የትኛው እንደሚሠራም ዙሪያውን ተመልክቶ ይወስናል።

የሚሠራውን መፈለግ

ታዲያ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሐቀኝነት ምርምር ራሱ ሐቀኝነት የጎደለው ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለና። እ.ኤ.አ. በ2012 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ ሰዎች ቅጽ ከሞሉ በኋላ ከሚፈርሙ ይልቅ ከመሙላታቸው በፊት ቢፈርሙ እውነቱን የመሙላት ዕድላቸው እንደሚጨምር ገለጸ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ሞከሩት። በ2020 ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ውጤቱ አልደገምም እንዳለ ይፋ አደረጉ፤ በ2021 ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት መረጃዎች አንዱ የተፈበረከ መሆኑ ተጋልጦ ጽሑፉ ከመጽሔቱ ተሰረዘ። በአንዲት ፊርማ ሰውን ሐቀኛ አደርጋለሁ የሚል ማንኛውም መላ ከዚህ በኋላ በጥርጣሬ ቢታይ አይፈረድም።

የበለጠ መሠረት ያላቸው ግኝቶች መጠነኛ ናቸው፤ ነገር ግን መምህር ነገ ጠዋት ሊጠቀምባቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በካንግ ሊ የሚመራ ቡድን ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆችን ጀርባቸውን ሰጥተው አሻንጉሊትን በድምፁ ብቻ እንዲያውቁ ያጫውታል፤ ትልቁ ሰው «እንዳትዞር» ብሎ ከክፍሉ ይወጣል፤ ብዙዎቹ ይዞራሉ። ከዚያ ተረት ይነበብላቸውና ዞረው እንደ ሆነ ይጠየቃሉ። «ተኩላ መጣ» እያለ ሲዋሽ ኖሮ በመጨረሻ የሚደርስለት ያጣው እረኛና በዋሸ ቁጥር አፍንጫው የሚረዝመው የፒኖኪዮ ተረቶች ልጆቹን እውነት አላናገሯቸውም። የቼሪ ዛፍ ቆርጦ ለአባቱ ጥፋቱን ያመነውና ስለ እውነቱ የተመሰገነው የልጁ የጆርጅ ዋሽንግተን ተረት ግን አናገራቸው፤ ተረቱ ተለውጦ መጨረሻው በውሸት ምክንያት በሚመጣ መጥፎ ነገር እንዲያልቅ ሲደረግ ደግሞ ኃይሉን አጣ። የእኛ የሥነ ምግባር ተረቶች አብዛኞቹ በቅጣት የሚያልቁ መሆናቸውን ያስተዋለ መምህር፣ እውነት ተናግሮ ያተረፈ ሰው ታሪክ ፈልጎ ቢጨምር ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ግኝት ስለ ምስጋና ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመና በቻይና በተደረገ ጥናት፣ የ3 እና የ5 ዓመት ልጆች በካርታ ግምት ጨዋታ ላይ «ብልህ ነህ» ሲባሉ «በዚህኛው ዙር ጥሩ ሠራህ» ከተባሉት ይልቅ ሰርቀው ወደ ማየት አዘነበሉ። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፤ ብልህ የተባለ ልጅ የሚጠብቀው ስም አለው፤ ስሙን ከማጣት ማጭበርበር ይቀለዋል። ይህ ግኝት በቀጥታ የሚያመራው ወደ ሪፖርት ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ከእያንዳንዱ ትምህርት ውጤትና ከአማካዩ ሥር ደረጃ የሚባል መስመር አለ፤ ወላጅ ካርዱን ሲቀበል «ስንተኛ ወጣህ?» ይላል እንጂ «ምን አወቅህ?» አይልም። ኤሪክ አንደርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የሳይንስ ክፍላቸውና ትምህርት ቤታቸው ከመረዳት ይልቅ በውጤትና በመብለጥ ላይ ያተኮረ የሚመስላቸው ተማሪዎች ይበልጥ እንደሚኮርጁ ተናግረዋል። ደረጃን ከካርድ ማውጣት ብዙ ወላጅ ያስቆጣል፤ ቢሆንም የሐቀኝነት ክበብ ከማቋቋም ይልቅ ይህ የሚያመጣው ለውጥ እንደሚበልጥ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ሦስተኛው ድንበርን በግልጽ ማበጀት ነው። መምህሩ የቤት ሥራ ሲሰጥ «በጋራ ሥሩ» ይላል ወይም ምንም አይልም፤ አሳይመንት ሲሰጥ አምስት ስም የተጻፈበትን አንድ ሰው የሠራውን ወረቀት ይቀበላል፤ የፈተና ዕለት ደግሞ ዞር ያለውን ሁሉ ይቆጣል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ቤት ተወስዶ በሚሠራ የማጠቃለያ ፈተና ላይ ከ100 በላይ ተማሪዎች መልስ ተጋርታችኋል ተብለው ተመርምረዋል፤ ፈተናው መጽሐፍም ኢንተርኔትም የተፈቀደበት፣ ከሌላ ሰው ጋር መነጋገር ብቻ የተከለከለበት ነበር። በዓለም ከታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ድንበሩ እንዲህ ከተምታታ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በራሱ ይደርስበታል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በእያንዳንዱ ሥራ አናት ላይ ምን በጋራ፣ ምን ለብቻ እንደሚሠራ ሁለት መስመር መጻፍ ወጪ የለውም፤ «ጓደኛዬን ልርዳ» ለሚለው ልጅም የሚረዳበትን ቦታ ያሳየዋል።

ይህ የጋራና የብቻ ልዩነት ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል፤ የለመኑትን በአንድነት ይበላሉ፤ ትምህርቱን ሲያስመዝን ግን እያንዳንዱ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይወጣል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ለመምህሩ የሚያሰማው ራሱ የቆጠረውን አዲስ ቅኔ ነው፤ የሌላውን አምጥቶ የራሱ ቢያስመስል ነውር ነው። የቁርኣን ቤት ልጅም በሉሑ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳው፣ የተጻፈለትን ሸምድዶ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል። በዚያ ሥርዓት ኩረጃ ቦታ ያጣው ተማሪዎቹ ከዛሬዎቹ ይልቅ ቅዱሳን ስለ ነበሩ ሳይሆን፣ ምዘናው ፊት ለፊት ስለ ነበረ ነው። ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል መምህር ሁሉንም በቃል መፈተን አይችልም፤ ነገር ግን ወረቀት ካረመ በኋላ በየሳምንቱ አምስት ተማሪ ጠርቶ «እዚህ መልስ ላይ እንዴት ደረስክ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ዘዴ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን አሳይመንትም፣ በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» በሚል ማስታወቂያ የሚሸጠውንም ሥራ ከማንኛውም ማሽን ይልቅ ቶሎ ይለየዋል።

የቀረው ኩረጃ ከተያዘ በኋላ የሚደረገው ነው። የተለመደው ወረቀቱን ነጥቆ በክፍሉ ፊት መቅደድ ነው፤ ይህም ያፈረውን ልጅ ወዲያውኑ የክፍሉ ተበዳይ ያደርገውና ክፍሉን ከእርሱ ጋር ያሳብረዋል። ብዙዎቹ የትምህርት ቤት መመሪያዎች የኮረጀውንና ያስኮረጀውን በአንድ ዓይን አይተው ሁለቱንም ዜሮ ይሰጣሉ፤ ቅጣቱ እኩል መሆኑ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከቅጣቱ ጋር የሚሄደው ንግግር ግን አንድ ሊሆን አይችልም። የኮረጀው የማያውቀው ነገር አለ፤ እርሱን መማር አለበት። ያስኮረጀው ትምህርቱን ያውቃል፤ የተሳሳተው የውለታውን ሰዓት ነው። ሁለቱን ከክፍል ውጪ ለየብቻ አነጋግሮ፣ ያስኮረጀው ለኮረጀው ትምህርቱን በሳምንት ውስጥ እንዲያስረዳው አዝዞ፣ ከዚያም የኮረጀውን በሌላ ጥያቄ ለብቻው ደግሞ መፈተን የመምህሩን ሁለት ከሰዓት ይወስዳል፤ ብዙ መምህራን ይህን የማያደርጉትም በመርሕ ተቃውመው ሳይሆን ስድስት ክፍልና ሦስት መቶ ወረቀት ስላለባቸው ነው። ስለዚህ ተማሪው ሐቀኝነትን እንዲማር የሚፈልግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚወስነው የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጣ ነው።